ስኮላርሺፕ አወዳድረው የአርክቴክቸር ማስተርስ ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በየዓመቱ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች መልስ መላክ ሲጀምሩ የሚነሳው ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። «አንዱ 30 ሺህ ዶላር ሰጠኝ፣ ሌላው 12 ሺህ። የቱ ይሻለኛል?» በዚህ መረጃ ብቻ መልስ መስጠት አይቻልም። ብዙዎች የሚሳሳቱትም እዚሁ ላይ ነው።

ትልቁን ቁጥር መምረጥ

መታየት ያለበት የተሰጣችሁ ሳይሆን ከኪሳችሁ የሚወጣው ነው። ያውም የአንድ ዓመቱ ሳይሆን እስከ ምረቃ ያለው።

እንበልና «ሀ» የተባለው ትምህርት ቤት በዓመት 58 ሺህ ዶላር ያስከፍላል። 30 ሺህ ሲቀነስ 28 ሺህ ይቀራል። ከተማው ውድ ስለሆነ ለኪራይ፣ ለምግብና ለጤና መድን 26 ሺህ ጨምሩ። በዓመት 54 ሺህ ሆነ። ትምህርቱ ሦስት ዓመት ተኩል ከሆነ ድምሩ 189 ሺህ ዶላር ነው። «ለ» ደግሞ 32 ሺህ አስከፍሎ 12 ሺህ ይቀንሳል። ቀሪው 20 ሺህ፣ ኑሮው 18 ሺህ፤ በዓመት 38 ሺህ። በሁለት ዓመት ካስመረቃችሁ 76 ሺህ። ትንሽ የሰጠው ትምህርት ቤት ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ረከሰ ማለት ነው።

ቤተሰብ በብር የሚያግዛችሁ ከሆነ ቀሪውን በዛሬው ምንዛሪ አታስሉት። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። በዚያ ወቅት የሁለተኛ ዓመት ክፍያ የሚጠብቅ ልጅ የነበረው ወላጅ ምን እንደገጠመው መገመት አይከብድም።

ስንት ሴሚስተር እንደሚቀነስላችሁ አለመጠየቅ

ይህን ከሁሉ በላይ አጥብቄ እናገራለሁ፤ ከስኮላርሺፑ የበለጠ ገንዘብ ያለው እዚህ ነው። ረጅሙ የኤም አርክ (የአርክቴክቸር ማስተርስ) ፕሮግራም ሌላ ትምህርት ተምረው ለሚመጡ ጭምር የተዘጋጀ ነው። ከልደታው ህንፃ ኮሌጅ አምስት ዓመት ስቱዲዮ ውስጥ አድሮ የወጣ ተማሪ ከመጀመሪያው ሴሚስተር መጀመር የለበትም። ሃርቫርድን ብንወስድ ሙሉው ፕሮግራም 7 ሴሚስተር ነው፤ ቀድሞ አርክቴክቸር ተምረው ከፍ ባለ ደረጃ ለሚገቡት ግን 5 ነው። የአንድ ዓመት ክፍያና ኪራይ ቀረ ማለት ነው።

ውሳኔው በፖርትፎሊዮና በትራንስክሪፕት ላይ ይመሠረታል። የስትራክቸር፣ የኮንስትራክሽንና የታሪክ ኮርሶቻችሁን ዝርዝር ይዘት ልካችሁ የትኞቹ እንደሚያዙላችሁ ጠይቁ። መልሱ በኢሜይል ይምጣ። «ከመጣህ በኋላ እናያለን» የሚባል ነገር ሂሳብ ውስጥ አይገባም።

የዲግሪውን ዓይነት ሳያጣሩ መፈረም

አሜሪካ ፈቃድ አውጥቶ መሥራት የሚያስብ ሰው ናብ የተባለው የአርክቴክቸር ትምህርት ዕውቅና ሰጪ ቦርድ ያጸደቀውን ኤም አርክ ቢመርጥ መንገዱ ይቀለዋል። ብዙ ግዛቶች ፈቃድ ለመስጠት ይህንን ይጠይቃሉ። በአርክቴክቸር የሚሰጥ «ማስተር ኦፍ ሳይንስ» አጭርና ርካሽ ሊሆን ይችላል፤ ግን የናብ ዕውቅና የለውም። ወደ አገር ቤት ተመልሶ ለማስተማር ወይም ምርምር ለመሥራት ላሰበ ሰው ግን ጥሩ ምርጫ ነው።

የፕሮግራሙን መለያ ኮድም ጠይቁ። ከምረቃ በኋላ በተማሪ ቪዛ የሚሠራው 12 ወር ነው። ኮዱ ስቴም በተባለው የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምህንድስናና የሂሳብ ምድብ ውስጥ ከሆነ 24 ወር ይጨመራል። የተለመደው የአርክቴክቸር ኮድ 04.0201 ስቴም ውስጥ የለም፤ 04.0902 ግን አለ። በስም አንድ የሚመስሉ ሁለት ፕሮግራሞች እዚህ ላይ ይለያያሉ።

የመጀመሪያውን ዓመት ብቻ ማየት

ለቪዛ የሚያስፈልገውና ትምህርት ቤቱ የሚልክላችሁ አይ-20 የተባለው ሰነድ የሚያሳየው በአብዛኛው የአንድ ዓመት ወጪና የገንዘብ ምንጭ ነው። ቪዛ ማግኘት ማለት ሁለተኛው ዓመት ተሸፈነ ማለት አይደለም። ስኮላርሺፑ በየዓመቱ ይታደሳል? በስንት ነጥብ? ክፍያው ሲጨምር እሱም ይጨምራል ወይስ ባለበት ይቆማል? ረዳት መምህርነት ቃል ከተገባላችሁ የክፍያ ቅነሳ አብሮት እንዳለና ከየትኛው ሴሚስተር እንደሚጀምር በጽሑፍ ጠይቁ። ለኑሮ ተብሎ የሚሰጥ የስኮላርሺፕ ገንዘብ ካለ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 14 በመቶ ግብር ተቆርጦበት ነው የሚደርሳችሁ። ለትምህርት ክፍያ የሚውለው አይቆረጥበትም።

የስቱዲዮን ወጪ መርሳት

ጠንካራ ላፕቶፕ፣ ህትመት፣ የሞዴል ካርቶንና እንጨት፣ ሌዘር መቁረጫ። የኦቶዴስክ ሶፍትዌሮች ለተማሪ ነፃ ናቸው፤ ራይኖ የተባለው የ3ዲ ንድፍ ሶፍትዌር ግን ይገዛል። ቁርጡን ከነባር ተማሪዎች ጠይቁ፤ ከአድሚሽን ቢሮ ይልቅ እነሱ ያውቁታል።

ቶሎ መፈረም፣ ጨምሩልኝ አለማለት

ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የፈረሙበት ስምምነት አለ፤ ገንዘብ የተሰጠው ተማሪ ከኤፕሪል 15 በፊት መልስ እንዲሰጥ አይገደድም። ትምህርት ቤታችሁ ከፈራሚዎቹ መካከል መሆኑን አረጋግጡና ጊዜውን ተጠቀሙበት።

መጠየቅ እኛ ዘንድ እንደ ድፍረት ይቆጠራል። እዚያ ግን የተለመደ ነው። ደብዳቤው አጭር ይሁን፦ «የመጀመሪያ ምርጫዬ እናንተ ናችሁ። ሌላ ትምህርት ቤት ይህን ያህል ሰጥቶኛል፤ ደብዳቤውን አያይዣለሁ። በዓመት 8 ሺህ ዶላር ይጎድለኛል። እንደገና ልታዩልኝ ትችላላችሁ?» የጎደለውን በቁጥር ጻፉ። የሌላችሁን ስጦታ ግን ፈጽሞ አትጥቀሱ።

ከወሰናችሁ በኋላ የማትሄዱበትን ትምህርት ቤት በዚያው ቀን አሳውቁ። እናንተ የተዋችሁት ገንዘብ ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ ላለ ሌላ ተማሪ ሊደርስ ይችላል።