ታሚሉ ተጽፎ እያለ ፍለጋው «የለም» ሲል

የታሚል (የደቡብ ህንድ ቋንቋ) ቃል በዓይን እየታየ ኮምፒውተሩ ፈልጎ ሲያጣው ምን እንደሚደረግ ልንገራችሁ። ፎንት ጭናችኋል፣ ፋይሉም ዩቲኤፍ-8 (የተለመደው የዩኒኮድ ማስቀመጫ) ነው ብዬ ልለፍ። ቁጥሮቹ የዩኒኮድ፣ ማለትም ለየፊደሉ ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ስርዓት፣ ኮዶች ናቸው፣ በአስርዮሽ።

ነጠብጣብ ክብ (ምልክት ያለ ተነባቢዋ ስትቀር የሚታየው) ከታየ፦ ብዙ ጊዜ ከዩኒኮድ በፊት በነበረ ፎንት ተጽፎ ቅደም ተከተሉ ሳይዞር የተቀየረ ነው። እዚያ በስተግራ የሚቆመው የ«ኤ» አናባቢ ምልክት ከተነባቢው ቀድሞ ይመታ ነበር። ዩኒኮድ ላይ ተነባቢው ይቀድማል። ቅደም ተከተሉን የሚያዞር መቀየሪያ ተጠቀሙ።

ቃል መሃሉ ላይ ከተቆረጠ፦ የእኛ «ኮ» አንድ ኮድ ናት። የታሚሏ ግን ተነባቢና ምልክት ናት፣ ሁለት። ፊደል በኮድ አትቁጠሩ።

የአጭሩ «ኦ» ምልክት ያለበት ቃል ግማሹ ብቻ ከተገኘ፦ ምልክቱ 3018 ወይም 3014 እና 3006 ሆኖ ይገባል። ዳታውንም የሚፈለገውን ቃልም በኤንኤፍሲ (የተለያዩ አጻጻፎችን ወደ አንድ የሚያዋህድ የዩኒኮድ ደንብ) አስተካክሉ። አንዱን ብቻ ማስተካከል ዋጋ የለውም።

አሁን ወደሚያቃጥለኝ ልምጣ፤ «አው» የሚባለው አናባቢ። የምልክቱ (3020) ቀኝ ግማሽ በድምጽ ለ«ላ» ከምትቀርብ ተነባቢ፣ ከ2995 ጋር ቁርጥ አንድ ነው። ራሱን የቻለው ፊደል (2964) ደግሞ ከ2962 እና ከ2995 ድርድር አይለይም። ጸሐፊው «ያው ነው» ብሎ ተነባቢዋን ይመታል። ያው አይደለም! 3031 (የቀኙ ግማሽ የራሱ ኮድ) ብትሆን ኖሮ ኤንኤፍሲ ያዋህዳት ነበር። 2995ን ግን አይነካትም፤ ለእሱ ተራ ተነባቢ ናት።

ለአንድ የቼናይ (ህንድ) ደንበኛ የጥንት ግጥሞች ስሰራ ባለቅኔዋ አውቫይያር ግማሽ ቦታ ላይ ጠፋችብኝ። ስሟ በዚሁ ፊደል ይጀምራል። ሁለት ቀን ኢንዴክሱን (የፍለጋ ማውጫውን) ስረግም ቆየሁ። ኮዶቹን አንድ በአንድ ሳወጣ 2995 ተደቅናለች። ተናድጄ 2962 እና 2995 ያለበትን ሁሉ በ2964 ቀየርኩ። በማግስቱ ደንበኛው ደወለ፤ «ብርሃን» የሚለው ቃል በሙሉ ነጠብጣብ ክብ ሆኗል። «ኦሊ» ነዋ! በእውነተኛ 2962 እና 2995 ነው የሚጻፈው። መብራቱን ያጠፋሁት እኔ። ኮፒ ባልይዝ ኖሮ አልቆልኝ ነበር። ኮፒ ያዙ። ኮፒ ያዙ።

መፍትሄው ይኸው፦ ከ2962 በኋላ ከመጣችው 2995 ቀጥሎ የአናባቢ ምልክት ወይም ፑሊ የምትባለው ነጥብ (3021) ካለ አትንኩ፤ እውነተኛ ተነባቢ ናት። ከሌለ ለዩትና ታሚል የሚያነብ ሰው ይየው። 2995 ከ3014 ቀጥሎ ስትመጣም እንደዚሁ፤ «ማውናም»፣ ማለትም ዝምታ የሚለው ቃል፣ ዘወትር እንዲህ ተበላሽቶ ይመጣል።

መመዝገቢያ ቅጹ ላይም ማስጠንቀቂያ አስገቡ። በራሱ እንዲቀይር ግን አታድርጉት።