ወርቅ ወይስ የሚያብለጨልጭ ድንጋይ? ከአሸዋው እስከ ላቦራቶሪ እንዴት እንደሚፈተሽ

ድሬዳዋም ሆነ ሐረር የሚያብለጨልጭ ድንጋይ በኪሱ ይዞ ገዢ የሚያፈላልግ ሰው አይጠፋም። ድንጋዩ ወርቅ ወይም የብረት ማዕድን ይኑረው አይኑረው፣ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት በራሳችሁ ብዙ ማጣራት ትችላላችሁ። ማግኔት (የአሮጌ ስፒከር ማግኔት ይበቃል)፣ የሴራሚክ ስባሪ፣ መርፌና ሳፋ አዘጋጁ።

1. ድንጋዩ ከየት እንደመጣ ጠይቁ። የድሬ ሲሚንቶ ፋብሪካዎች የሚፈጩት የኖራ ድንጋይ ባሕር ውስጥ የተከማቸ ነው፤ እዚያ ወርቅ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። የአዶላም ሆነ የቤኒሻንጉል ወርቅ ያለው ከኖራና ከአሸዋ ድንጋዩ ሥር በሚገኘው ጥንታዊ ዓለት ውስጥ ነው። ይህ ዓለት በሐረርና በባቢሌ በኩል ገጦ ይታያል። ግን አትቸኩሉ፦ እዚያ የሚበዛው ግራናይትና ናይስ (በሙቀትና በግፊት የተለወጠ ባለ መስመር ዓለት) ነው፤ አዶላ ላይ ወርቅ የያዘው አረንጓዴያማ ዓለት ያህል ተስፋ አይሰጥም። ግራናይቱ ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት የሚያብለጨልጨው አብዛኛውን ጊዜ ሚካ የሚባል፣ በስስ ንጣፍ የተደራረበ ማዕድን ነው። ዓይናችሁ የኳርትዝ ሥር (ዓለቱን ሰንጥቆ እንደ ደም ሥር የሚያልፍ ጠንካራ ነጭ ድንጋይ)፣ በተለይ ዝገት የነካው ነጭ ሥር ላይ ይሁን።

2. በመርፌ ውጉት። ሚካ እንደ ወረቀት ይላጣል። ፓይራይት፣ ብዙ ሰው ያሞኘው ቢጫ ማዕድን፣ ሲመታ ይፈረፈራል። ወርቅ ግን ሳይሰበር ይጎደጉዳል፣ ሲቀጠቀጥ ይሳሳል።

3. ጀርባው ያልተቀባ ሴራሚክ ላይ ፈግፍጉት። ወርቅ ወርቃማ መስመር ይተዋል፤ ፓይራይት ወደ ጥቁር የሚያደላ። ብረትን በተመለከተ ይህ ፈተና ከሁሉ ይልቃል፦ ከብረት ማዕድናት ሄማታይት ድንጋዩ ጥቁር ቢመስል እንኳ ቀይ ቡናማ፣ ማግኔታይት ጥቁር፣ ሊሞናይት ቢጫ ቡናማ ይጽፋል። ማግኔት አጥብቆ የሚይዘው ማግኔታይትን ነው፤ ሄማታይት ግን ማግኔት ስላልያዘው ብቻ ብረት የለውም ብላችሁ አትጣሉት።

4. አሸዋውን እጠቡ። የወንዝ ዳር ላይኛውን አሸዋ አትዝገኑ፤ ወርቅ ክብደቱ ከውኃ 19 እጥፍ ስለሆነ ወደ ታች ይሰምጣል። ከትልልቅ ድንጋይ ጀርባ፣ ከመታጠፊያው ውስጠኛ ጎን፣ በአለቱ ስንጥቅ ውስጥ ያለውን ጠርጋችሁ ውሰዱ። ሳፋውን ውኃ ውስጥ አስገብታችሁ ነቅንቁት፣ ጋደል አድርጋችሁ ቀላሉን አስወግዱ። የሚቀረው ጥቁር አሸዋ ነው። ካደረቃችሁት በኋላ ማግኔቱን በወረቀት ጠቅልላችሁ አሳልፉበት፤ ያልተነሳውን በአጉሊ መነጽር እዩት። ባዛልትም (ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ጥቁር ድንጋይ) በጥቂቱ ማግኔታይት ስላለው፣ ድሬዳዋን አቋርጦ በሚያልፈው የደጫቱ ወንዝ ላይ ማግኔት የሚያነሳው ዱቄት መገኘቱ ብቻውን የብረት ማዕድን አለ አያሰኝም።

በክረምት ደጫቱ ውስጥ አትቆፍሩ። ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ከደጋው የዘነበ ዝናብ ድንገት ሊደርስ ይችላል፤ የሐምሌ 1998 ዓ.ም. ሌሊት ጎርፍ ለድሬ ሰው መንገር አያስፈልግም። ወርቁን ለመሰብሰብ ሜርኩሪ መጠቀምም ይቅርባችሁ፤ ጢሱ ሳንባና አእምሮ ይጎዳል።

5. ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ላኩ። እያንዳንዱን በተለየ ከረጢት፣ ቦታው በጂፒኤስ ተመዝግቦ። ምርጥ የመሰለውን ድንጋይ ብቻ መርጣችሁ አትላኩ፤ የሥሩን ዳርና ዳር ያለውን ተራ ዓለት ጨምሩ፤ አለዚያ ቁጥሩ ራሳችሁን ያታልላችኋል።

6. ቁጥሩን አንብቡ። የወርቅ ውጤት በቶን ስንት ግራም ተብሎ ይመጣል። በቶን 2 ግራም ማለት በአንድ ኩንታል ድንጋይ ውስጥ 0.2 ግራም ነው፤ በዓይን ላይታይ ይችላል፣ በሰፊው ከተገኘ ግን ለትልቅ ማዕድን ማውጫ የሚስብ ቁጥር ነው። ብረት ላይ ሂሳቡ ሌላ ነው። ንጹሕ ማግኔታይት 72 በመቶ ብረት ይዟል፤ ተቆፍሮ እንዳለ የሚሸጥ ማዕድን ደግሞ 60 በመቶ አካባቢ ይጠበቅበታል። የብረት ዋጋ በኪሎ ትንሽ ስለሆነ መጠኑ የግድ ብዙ መሆን አለበት፣ ማጓጓዣውም ይወስናል። ድሬ በባቡር ከጅቡቲ ጋር መገናኘቷ እዚህ ላይ ነው ጥቅሙ፤ ግን ባቡሩ የሌለውን ማዕድን አያመጣም።

አንድ ፕሮጀክት «እምቅ ሀብት አለኝ» ብሎ አክሲዮን ሊሸጥላችሁ ከመጣ፣ ስንት ጉድጓድ እንደቆፈረ፣ ጥልቀታቸውንና የእያንዳንዱን ውጤት ጠይቁት። የአንዱን ምርጥ ድንጋይ ውጤት ብቻ ካሳያችሁ፣ ቆፍሮ ሲጨርስ እንዲመለስ ንገሩት። ራሳችሁ ለመቆፈር ካሰባችሁ ግን መጀመሪያ ከመንግሥት የማዕድን ፈቃድ አውጡ። ባህላዊ ወርቅ አምራቾችም ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል፤ የሚሰጠውም በክልሉ በኩል ነው።