ቀን ሠርቶ ማታ የሚጠፋ ካሜራ
በኔትወርክ ገመድ ኃይል የሚያገኝ ካሜራ ቀን ደህና ውሎ ሲመሽ እየጠፋ የሚነሳ ከሆነ፣ ካሜራውን ለመቀየር አይቸኩሉ። ሲጨልም የኢንፍራሬድ መብራቶቹ (በጨለማ እንዲያይ የሚረዱት፣ ለዓይን የማይታይ ብርሃን የሚሰጡት) ስለሚበሩ ተጨማሪ ኃይል ይስባል፤ የገመድ ድካም የሚታየው ያን ጊዜ ነው።

መጀመሪያ ከሴቲንጉ ኢንፍራሬዱን ያጥፉት። ካሜራው መጥፋቱን ካቆመ ችግሩ የኃይል ነው። ቀጥሎ ካሜራውን አውርደው በ2 ሜትር ገመድ ከስዊቹ (በገመዱ ኔትወርክና ኃይል ከሚሰጠው መሣሪያ) ጋር ያገናኙት፤ ኢንፍራሬዱን መልሰው ከፍተው ጨለማ ክፍል ውስጥ ያሳድሩት። ካልጠፋ ችግሩ የተዘረጋው መስመር ላይ ነው።

ኮኔክተሩ (የገመዱ ጫፍ መሰኪያ) ላይ አረንጓዴ ዝገት ካለ እሱን ቆርጦ መቀየር ሊበቃ ይችላል። ከሌለ አንዷን ሽቦ በምላጭ ፋቅ ያድርጉ፦ ከቀዩ ሥር ነጭ ብረት ብቅ ካለ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። በንጹሕ መዳብ ይቀይሩት፤ ርዝመቱም ከ100 ሜትር አይለፍ።