ቡድናችሁ ፕሌይኦፍ ይገባ እንደሆነ ቀድማችሁ እንዴት ታውቃላችሁ

ልጁ ወይ እህቱ አሜሪካ ኮሌጅ ስለገባች ብቻ ሳያስበው የኮሌጅ ፉትቦል ሱሰኛ የሆነ ሀበሻ ብዙ ነው፣ ኮለምበስ፣ ሲያትል፣ ዳላስ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ጨዋታውን ሰው ቶሎ ይለምደዋል፣ ግራ ሚያጋባው ዲሴምበር መጥቶ ወደ ፕሌይኦፍ፣ ማለትም ለአገሪቱ ዋንጫ ወደሚደረገው ጥሎ ማለፍ፣ ሚገቡት ሲመረጡ ነው። 11 ጨዋታ ያሸነፈ ይቀርና 3 የተሸነፈው ይገባል፣ ከዛ "ይሄማ ሌብነት ነው" ይባላል። ሌብነት ሊሆንም ይችላል እኔ አልከራከርም፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሴፕቴምበር ጀምሮ ሲመጣ ሚታይ ነገር ነው። ውጤት ከመቁጠራችሁ በፊት ኮንፈረንሱን (ቡድኑ ሚጫወትበትን ሊግ) እዩ ነው ምላችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።)

መጀመሪያ ቡድኑ አሁን የት እንዳለ አጣሩ

ከጥቂት ዓመት በፊት ምታውቁትን እርሱት። ስሙንም ካርታውንም አትመኑ። ቢግ ቴን ሚባለው ሊግ ስሙ 10 ቢልም ውስጡ 18 ቡድን አለ፣ ፓስፊክ ዳር ያሉት ስታንፎርድና ካል (ካሊፎርኒያ በርክሊ) ደግሞ አሁን ሚጫወቱት የአትላንቲክ ዳርቻ ሊግ በሆነው በኤሲሲ ነው። ሊግ የመቀያየሩ ትርምስ ሲጀምር በ2021 ቴክሳስና ኦክላሆማ የደቡቡ ትልቅ ሊግ ወደሆነው ኤስኢሲ እንሄዳለን አሉ፣ በዓመቱ ዩኤስሲና ዩሲኤልኤ ወደ ቢግ ቴን መሄዳቸው ተሰማ፣ ከዛ ኦገስት 4 2023 በአንድ ቀን ኦሪገንና ዋሽንግተን ወደ ቢግ ቴን፣ አሪዞና፣ አሪዞና ስቴትና ዩታ ወደ ቢግ 12 ሄዱና ፓክ-12 ሚባለው አንጋፋ ሊግ ትንሽ ቆይቶ ኦሪገን ስቴትና ዋሽንግተን ስቴትን ብቻ ይዞ ቀረ። እነሱም ቦይዚ ስቴትንና ሌሎችን ሰብስበው ከ2026 ጀምሮ እንደገና አቋቁመውታል።

ምክንያቱ የቲቪ ብር ነው፣ ትንሽ ከሚጣልበት ዕቁብ ወጥቶ ትልቅ ወደሚጣልበት እንደመግባት። ዋጋውን ማየት ከፈለጋችሁ ዳላስ ያለውን ኤስኤምዩ እዩት፣ ኤሲሲ ለመግባት ብቻ 9 ዓመት የሊጉን የቲቪ ድርሻ አልፈልግም ብሎ ነው የገባው፣ በገባበት በ2024 ደግሞ ወዲያው ፕሌይኦፍ ደረሰ። በሌላ በኩል ሲያትል ያለው ዋሽንግተን በዛው ዓመት ለሊግ ጨዋታ ኒው ጀርሲ ድረስ በሮ በራትገርስ 21 ለ18 ተሸንፎ ተመለሰ። ልጆቹ ደግሞ ተማሪ ናቸው እኮ።

ከዛ በየትኛው በር እንደሚገባ ለዩ

ከ2024 ጀምሮ ሚገቡት 12 ናቸው፣ ከዛ በፊት ለ10 ዓመት 4 ብቻ ነበሩ። በሁለቱ የመጀመሪያ ዓመታት፣ በ2024ና በ2025፣ የተሰራበት እንዲህ ነበር፣ በራንኪንግ (በደረጃ ዝርዝር) ከፍ ያሉት 5 የኮንፈረንስ ቻምፒየኖች በቀጥታ ይገቡ ነበር፣ ይሄ አንደኛው በር ነው፣ የቀሩትን 7 ቦታዎች 13 ሰው ያለበት ኮሚቴ በራሱ ራንኪንግ ይሞላ ነበር፣ ይሄ ሁለተኛው በር ነው። ራንኪንጉ ከኖቬምበር መጀመሪያ ጀምሮ ማክሰኞ ማክሰኞ ይወጣል፣ ከዛ በፊት ቲቪ ላይ ምታዩት ቁጥር የጋዜጠኞችና የአሰልጣኞች ስለሆነ ብዙ አትጨነቁበት።

አሁን ቡድናችሁን አስቀምጡት። ኤስኢሲ ወይ ቢግ ቴን ውስጥ ከሆነ ሁለቱም በር ክፍት ነው፣ ሁለት ጊዜ ተሸንፎም ተስፋ አለው። ቢግ 12ና ኤሲሲ ሁለተኛው በር አላቸው ግን ጠባብ ነው። እንደ ቱሌን ያለ ትንሽ ሊግ ውስጥ ያለ ቡድን ከሆነ ያው ቻምፒየን መሆን አለበት፣ ሌላውን እርሱት። ኖትር ዳም ደግሞ በፉትቦል ኮንፈረንስ ስለሌለው ቻምፒየን ሚባል ነገር የለውም፣ ያለው የኮሚቴው በር ብቻ ነው።

እዚጋ ሰው ሁሉ ሚሳሳታት ነገር አለች፣ 12 ይገባል ማለት ራንኪንግ ላይ 12ኛ ድረስ ያለው ይገባል ማለት አይደለም። በ2024 ክሌምሰን 16ኛ ሆኖ ቻምፒየን ስለሆነ ገባ፣ 11ኛ የነበረው አላባማ ውጭ ቀረ። በ2025 ቱሌን 20ኛ፣ ጄምስ ማዲሰን 24ኛ ሆነው ገቡ፣ 11ኛው ኖትር ዳም ቀረ። ስለዚ ማክሰኞ ማታ ስታዩ ከ10ኛ በታች ያለና ቻምፒየን ማይሆን ቡድን ካላችሁ አትተኙ።

ለቻምፒየንነት ጨዋታ ሚደርስበትን መንገድ ቁጠሩ

ይሄ ነው ዋናው። ሊጎቹ ሲያብጡ ሁሉም ከሁሉም መጫወት ቀረ፣ ቢግ ቴን ውስጥ 17 ተጋጣሚ እያለ ሚጫወቱት 9 የሊግ ጨዋታ ነው። ምስራቅ ምዕራብ ሚባል ምድብም በትልልቆቹ ሊጎች የለም፣ ከላይ ያሉት ሁለቱ ለዋንጫ ይገናኛሉ። እኩል ሲሆኑስ? የ2025ቱን ኤሲሲ እዩ። ቨርጂኒያ አንደኛ ወጣ፣ ከሱ ስር ማያሚ፣ ጆርጂያ ቴክ፣ ፒትስበርግ፣ ኤስኤምዩና ዱክ አምስቱም በሊጉ 6 አሸንፈው 2 ተሸንፈው እኩል ጨረሱ። እርስ በርስ ሁሉም ስላልተጫወቱ ነገሩ የተለየው "የገጠማችኋቸው ቡድኖች በሊጉ ስንት አሸነፉ" በሚል ሂሳብ ነበር፣ በሱ ዱክ አለፈ። ዱክ በጠቅላላው 7 አሸንፎ 5 ተሸንፎ ነበር፣ ከአምስቱ ሽንፈት አንዱ ደግሞ በቱሌን! ከዛ ቨርጂኒያን በተጨማሪ ሰዓት አሸንፎ ዋንጫ በላ፣ ግን ራንኪንጉ ከአምስቱ ከፍተኛ ቻምፒየኖች ውስጥ ስላላስገባው ቦታው ለጄምስ ማዲሰን ሆነ። በዋንጫው ጨዋታ ያልነበረው ማያሚ ደግሞ በኮሚቴው በር ገባ።

ስለዚ ኦገስት ላይ ጨዋታ ሳይጀመር ፕሮግራሙን አይታችሁ ሁለት ነገር ጻፉ፣ ከሊጉ ጠንካሮች ውስጥ እነማንን እንደማይገጥም፣ እና ከሊጉ ውጪ ማንን እንደሚገጥም። የመጀመሪያው የቻምፒየንነት መንገዱን ያሳያችኋል፣ ሁለተኛው ኮሚቴው ጋ ሚያቀርበው ማስረጃ ነው። ማያሚ በ2025 የመጀመሪያ ጨዋታው ኖትር ዳምን 27 ለ24 አሸንፎ ነበር፣ ኮሚቴው ግን ሳምንታት ሙሉ ኖትር ዳምን ከላይ ሲያስቀምጥ ከርሞ በመጨረሻው ዝርዝር ሁለቱ ጎን ለጎን ሲመጡ ያቺን የኦገስት ጨዋታ አስታወሰ። ሁለቱም በዛ በመጨረሻው፣ የሊግ ዋንጫዎቹ በተደረጉበት ሳምንት፣ አልተጫወቱም እኮ።

ኮሚቴው እኩል ዓይን አለው ብላችሁ አታስቡ

በዛው ሳምንት ቢዋይዩ የቢግ 12 ዋንጫ ላይ በቴክሳስ ቴክ 34 ለ7 ተሸነፈና 11 አሸንፎ 2 ብቻ ተሸንፎ ከፕሌይኦፍ ውጭ ቀረ። አላባማ የኤስኢሲ ዋንጫ ላይ በጆርጂያ 28 ለ7 ተመትቶ፣ ሶስተኛ ሽንፈቱ ሆኖ፣ ገባ። የኤስኢሲ ሰዎች "የኛ ሊግ ጨዋታው ከባድ ነው" ይላሉ፣ እውነትም አለው፣ ግን ሊጉን ያከበዱት እኮ ቴክሳስንና ኦክላሆማን ወስደው ነው። ለኔ ይሄ ነው የሽግግሩ ትልቁ ጥቅም፣ ከብሩም በላይ ሁለተኛ እድል ገዝተዋል። ፍሎሪዳ ስቴት በ2023፣ 4 ቡድን በሚገባበት ዘመን፣ 13ቱንም ጨዋታ አሸንፎ የኤሲሲ ቻምፒየን ሆኖ ነው የቀረው፣ ኳርተርባኩ (ጨዋታውን ሚመራው ኳስ ወርዋሪ) ተጎድቷል ተብሎ።

ከገባ በኋላ ያለው ቀላል ነው። 1ኛ እስከ 4ኛ ሲድ (የፕሌይኦፍ ተራ ቁጥር) ያላቸው የመጀመሪያውን ዙር ያርፋሉ፣ 5ኛ እስከ 8ኛ በሜዳቸው ያስተናግዳሉ። በ2024 እረፍቱ ለቻምፒየኖች ብቻ ስለነበር ቦይዚ ስቴትና አሪዞና ስቴት አርፈው ጀመሩ፣ ያረፉት አራቱም ግን በመጀመሪያ ጨዋታቸው ተሸንፈው ሄዱ፣ ዋንጫውን 8ኛ ሲድ የነበረው ኦሃዮ ስቴት ወሰደው። ከ2025 ጀምሮ እረፍቱ በራንኪንግ ብቻ ሆኗል። (የመጀመሪያው ዙር ሁሌ የገና ጾም ውስጥ ነው ሚውለው፣ ዶሮ ክንፍ ያለበት ቤት ስትጋበዙ ሽሮአችሁን ይዛችሁ ሂዱ።)

ደንቡ በየዓመቱ ሊነካካ ስለሚችል፣ ቀጥታ ሚገቡት ስንት ናቸው፣ እረፍቱስ ለማን ነው ሚለውን ሁለት ጥያቄ በየኦገስቱ አዲስ አድርጋችሁ አጣሩ። ዝርዝሩ ዲሴምበር መጀመሪያ እሁድ ቀን በኢኤስፒኤን ይነገራል፣ ቅዳሴ ላይ ከሆናችሁም ስትወጡ ትደርሱበታላችሁ።