ጂኦካሽ ሲደብቁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጂኦካሺንግ በጂፒኤስ እየተመሩ ሌላ ሰው የደበቀውን ሣጥን ወይም ሌላ ዕቃ፣ ማለትም «ጂኦካሽ» (በአጭሩ «ካሽ») የመፈለግ ጨዋታ ነው፤ ያገኘው ሰው ውስጡ ባለው ወረቀት ላይ ፈርሞ እንደነበረ ይመልሰዋል። ሣጥኑ ራሱ አካባቢውን ብዙም አይጎዳም፤ የሚጎዳው ፍለጋው ነው። አንድ ሰው ሣር ረግጦ ቢያልፍ ሣሩ ይነሣል፤ መቶ ሰው ሲመላለስበት ግን መንገድ ይወጣዋል።

የተዛባ ኮኦርዲኔት (የቦታውን አድራሻ የሚያመለክት የጂፒኤስ ቁጥር) መስጠት። ብዙውን ጥፋት የሚያመጣው ይህ ነው። ስልክ ገላጣ ቦታ ላይ 5 ሜትር ያህል ሊሳሳት ይችላል፤ ጥቅጥቅ ባለ ዛፍ ሥር ወይም ገደል ጥግ ስህተቱ እጥፍና ከዚያ በላይ ይሆናል። የእርስዎ 10 ሜትር በፈላጊው 5 ሜትር ላይ ሲደመር፣ ሰው ሁሉ ከ700 ካሬ ሜትር በላይ ያገላብጣል። ስልኩን ቦታው ላይ አስቀምጠው ቁጥሩ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁና ይመዝግቡ። ከዚያ 30 ሜትር ያህል ራቅ ብለው በሌላ አቅጣጫ ይመለሱና እንደገና ይለኩ፤ ሦስት አራቴ ደጋግመው አማካዩን ይውሰዱ። በጨዋታው አጻጻፍ ኮኦርዲኔት በዲግሪና በደቂቃ (የዲግሪ አንድ ስድሳኛ) ይጻፋል፤ የደቂቃው ሦስተኛ አስርዮሽ አሃዝ ወደ ሰሜን ወይም ደቡብ 1.85 ሜትር ያህል ነው፤ ቆርጦ መጣሉ እስከ 17 ሜትር ያዛንፋል። «ከመሬት በላይ ነው፣ ድንጋይ ማንሣት አያስፈልግም» የሚል ፍንጭ ቢጨምሩ ደግሞ ብዙ ሣርና ሥር ይተርፋል።

ቆፍሮ መቅበር። በሜይ 3 ቀን 2000 በአሜሪካ ኦሪገን ውስጥ የተቀመጠው የመጀመሪያው ካሽ በከፊል የተቀበረ ባልዲ ነበር፤ ያኔ ደንብ አልነበረም። ዛሬ በጨዋታው ደንብ ያለ ባለመሬቱ ግልጽ ፈቃድ መቆፈር ክልክል ነው። አንድ የተቀበረ ያገኘ ፈላጊ በሚቀጥለው ቦታም መቆፈሪያ ይዞ ይመጣልና።

ካብ ውስጥ መሸጎጥ። ያለ ጭቃ ከተካበ አጥር አንድ ድንጋይ ከተነቀለ የላይኞቹ ይላላሉ። በብሪታንያ ይህ ተከልክሏል። ዛፍ ላይ ምስማር መምታትም እንዲሁ ነው፤ በሽቦ ማሰርም ቢሆን ግንዱ ሲወፍር ልጡን ይቆርጠዋል።

ወቅቱን አለማየት። በጀርመን የሌሊት ወፎች የብርዱን ወራት ተኝተው የሚያሳልፉባቸው ዋሻዎች ከኦክቶበር 1 እስከ ማርች 31 እንዳይገባባቸው ሕግ ይከለክላል። እንዲህ ያለ ቦታ ካሽ ካለዎት በእነዚያ ወራት በጨዋታው ድረ ገጽ ላይ ለጊዜው ያግዱት።

«የሕዝብ ቦታ ነው» ብሎ ፈቃድ አለመጠየቅ። ብዙ ሐበሻ የሚያውቀው የዋሽንግተኑ ሮክ ክሪክ ፓርክ በአሜሪካ ብሔራዊ ፓርክ አገልግሎት ሥር ነው፤ በእነዚህ ፓርኮች ያለ ፈቃድ ንብረት ከ24 ሰዓት በላይ ትቶ መሄድ ደንብ መጣስ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ሣጥን የሌለው ኧርዝካሽ ይሻላል፤ ፈላጊው ስለ ቦታው የድንጋይ አፈጣጠር ጥያቄ ይመልሳል። እሱም ቢሆን የፓርኩን ፈቃድ ሊፈልግ ይችላል።

የሚያስደነግጥ ዕቃ መጠቀም። ድልድይ ሥር የተቀመጠ፣ በጥቁር ቴፕ የተጠቀለለ ቱቦ ፈንጂ አምካኝ ያስጠራል። እስራኤል ውስጥማ ባለቤት የሌለው ቦርሳ እንኳ መንገድ ያዘጋል። ውስጡ የሚታይ ዕቃ ይምረጡ፤ ላዩ ላይ በአካባቢው ቋንቋ «ጂኦካሽ» ብለው የጨዋታ ስምዎን ይጻፉ፤ ከትምህርት ቤትና ከባቡር ሐዲድ ይራቁ።

ምግብና ሽታ ያለው ነገር ማስገባት። ከረሜላ፣ ሳሙና፣ ሽታ ያለው ሻማ አውሬ ይጠራሉ፤ ፕላስቲኩ ይታኘካል፣ ስብርባሪው ጫካ ውስጥ ይቀራል። የለውዝ ቅቤ የነበረበት ዕቃ ቢታጠብም ይሸታል።

ወረቀቱን በላስቲክ ከረጢት ጠቅልሎ በጠባብ ዕቃ ውስጥ መጠቅጠቅ። የከረጢቱ ጫፍ በክዳኑና በጎማው መካከል ከተያዘ ውሃ በዚያው ሾልኮ ይገባል። ከረጢቱ ከዕቃው ያነሰ ይሁን።

ደብቆ መሄድ። ለዕረፍት አገር ቤት ገብቶ መደበቅ ያጓጓል፤ ግን ክዳኑ ሲሰበር ማን ይቀይረዋል? ደንቡ የሚከታተለው ሰው እንዲኖር ይጠይቃል። እዚያው የሚኖርና የተስማማ ዘመድ ወይም ጓደኛ ከሌለዎት አይደብቁ። ጨዋታውን ሲያቆሙም የካሹን ገጽ በድረ ገጹ ላይ መዝጋት ብቻ አይበቃም፤ ሄደው ሣጥኑን ያንሡ፤ ፈላጊዎች የረጋገጡት መንገድ ካለም ሣሩ እስኪመለስ በወደቁ ቅርንጫፎች ይሸፍኑት።