ርካሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል ያዋጣል? ብር ከመክፈላችሁ በፊት እንዲህ ፈትሹት

የማደያ ወረፋ ያሰለቸው ሰው ሁሉ ዛሬ ዓይኑ የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል ላይ ነው። አይፈረድበትም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ ነገር የሁሉም ሰው ወሬ ሆኗል። ሞተር ሳይክሉ ደግሞ ከመኪናው በጣም ይረክሳል።

ያዋጣል ወይ ብላችሁ ለምትጠይቁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የምትገዙት ባትሪ ነው። ብረቱ፣ ፕላስቲኩና መብራቱ ባትሪውን ተከትሎ የሚመጣ ነው።

እኔ የመጀመሪያዬን ስገዛ ቀለሙንና ፍጥነቱን እንጂ ባትሪውን አልጠየቅኩም። ሻጩ "በአንድ ቻርጅ 80 ኪሎ ሜትር ይሄዳል" አለኝ። በ34ኛው ኪሎ ሜትር ሽሮሜዳ ዳገት መሀል ላይ ቀጥ አለ። እየገፋሁ ቤት ገባሁ። ሒሳቡን መማር የጀመርኩት ከዚያ ቀን በኋላ ነው። እናንተ ከመግዛታችሁ በፊት ተማሩት።

1. መጀመሪያ መንገዳችሁን ለኩ

ለጥቂት ቀናት የምትሄዱበትን ሁሉ በስልካችሁ ካርታ መዝግቡ። ከቤት ሥራ ቦታ፣ ልጅ ማድረስ፣ ገበያ፣ ለቅሶ ቤት፣ ሁሉንም። ከዚያ ረጅሙን ቀን ያዙ። አማካዩን ተዉት፤ መንገድ ላይ የሚያስቀራችሁ ረጅሙ ቀን ነው።

ቀጥሎ ዳገቱን ቁጠሩ። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። አዲስ አበባ ላይ ግን ዋናው ነገር ይሄ ነው። ቦሌ አየር ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር አካባቢ ነው። እንጦጦ ላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ሞተር ሳይክሉና ነጂው አንድ ላይ 180 ኪሎ ቢመዝኑ፣ እያንዳንዱን 100 ሜትር ወደ ላይ ለመውጣት 60 ዋት ሰዓት (የባትሪ ኃይል የሚለካበት ነው) ያህል ይበላል። ሜዳ ላይ ቢሆን በዚያው ኃይል 2 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ ከቦሌ እንጦጦ የሚወጣ ሰው በመንገዱ ላይ 14 ኪሎ ሜትር እንደተጨመረበት ይቁጠረው። ስትወርዱ ባትሪው ያርፋል፤ የተበላው ግን ተመልሶ አይሞላም።

ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ለምትኖሩ ይህ ብዙ አያሳስባችሁም። ከተማችሁ ሜዳ ነው።

የኤሌክትሪኩን መልካም ጎንም ልናገር። የቤንዚን ሞተር በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳበት ከጉልበቱ 20 በመቶ ያህል ያጣል። የኤሌክትሪኩ አየር ስለማይፈልግ ምንም አይቀንስም።

2. የባትሪውን ቁጥር አንብቡ

ሻጩን "ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?" ብላችሁ አትጠይቁት። "ስንት ቮልት ነው? ስንት አምፔር ሰዓት?" በሉት። ሁለቱን አባዙ። 72 ቮልት እና 20 አምፔር ሰዓት ከሆነ 1,440 ዋት ሰዓት ይሆናል። ርካሾቹ ላይ በብዛት የምታገኙት ይህን ወይም ከዚህ ያነሰውን ነው።

አሁን ዓይነቱን ጠይቁ። ሊድ አሲድ ከሆነ የመኪና ባትሪ ዘመድ ነው። ዳገት ላይ ብዙ ኃይል በአንዴ ሲሳብበት በወረቀት የተጻፈውን ሁሉ አይሰጥም። 70 በመቶውን ብቻ ቁጠሩ፤ 1,000 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። አንድ ኪሎ ሜትር 30 ዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። 1,000 ለ30 ሲካፈል 33 ኪሎ ሜትር። የኔ ሽሮሜዳ ላይ የቆመው ለዚህ ነው። አልተበላሸም ነበር፤ ባትሪው በቃ አለቀ።

ሊቲየም ከሆነ 90 በመቶውን መቁጠር ትችላላችሁ። ሊቲየምም ዓይነት አለው። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ዕድሜው ረጅም ነው፤ በደንብ ከተያዘ 2,000 ጊዜ ያህል ቻርጅ ይደረጋል። ሊድ አሲዱ በየቀኑ ሙጥጥ እያለ ከተሠራበት 300 ጊዜ አካባቢ ሲደርስ ይደክማል። በየቀኑ ለሚነዳ ሰው ይህ አንድ ዓመት ገደማ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። "ግራፊን ባትሪ ነው" ብለው የሚሸጡላችሁ ብዙ ጊዜ ሊድ አሲድ ነው። ውስጡ ትንሽ ካርቦን ተጨምሮበት ይሆናል፤ ሊቲየም ግን አይደለም። ስሙ ብቻ በሊቲየም ዋጋ እንዳያስከፍላችሁ።

በቃል አትመኑ፤ ወንበሩን አስነሡና እዩ። በሽቦ የተያያዙ ስድስት ጥቁር ሳጥኖች ካሉ ሊድ አሲድ ነው። ስድስቱ አንድ ላይ 40 ኪሎ አካባቢ ይመዝናሉ። መያዣ ያለው አንድ ሳጥን ከሆነና አንድ ሰው በእጁ ካነሣው ሊቲየም የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

3. የት ቻርጅ እንደምታደርጉ ወስኑ

ግቢ ቤት ያላችሁ ይህን እለፉት። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ግን እዚህ ቆም በሉ። ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ 40 ኪሎ ባትሪ በየማታው ማን ይሸከማል? ምድር ላይ ሶኬት ያስፈልጋችኋል። ለዚያ የሕንፃው ኮሚቴ መፍቀድ አለበት፤ ከራሳችሁ ቆጣሪ ለብቻው የሚወጣ መስመርም መሳብ ሊኖርባችሁ ይችላል። ይህን ሳትጨርሱ አትግዙ። ካልተፈቀደላችሁ የሚወልቅ ሊቲየም ባትሪ ያለውን ፈልጉ ወይም ሐሳቡን ለጊዜው ተዉት።

ባትሪ ቤት ይዛችሁ ከገባችሁ መኝታ ቤትና መውጫ በር አጠገብ ቻርጅ አታድርጉት። ብዙ ነገር በተሰካበት ዲቫይደር ላይም አትሰኩት። የሊቲየም እሳት ከጀመረ በቶሎ አይጠፋም፤ ልጆች ያሉበት ቤት ነው።

4. ዳገት ላይ ሞክሩት

ሱቁ ፊት ለፊት ያለው አስፋልት ላይ መሞከር ምንም አይነግራችሁም። መልቲሜትር (ቮልት መለኪያ) ያለው የምታውቁት ኤሌክትሪሽያን ይዛችሁ ሂዱ።

ባትሪው ሙሉ ሆኖ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ ይለካላችሁ። 72 ቮልቱ ሊድ አሲድ 78 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለበት። ስድስቱ ለየብቻ ሲለኩ እኩል ሊሆኑ ይገባል፤ አንዱ ከሌሎቹ ግማሽ ቮልት ካነሰ ያ ባትሪ ታማሚ ነው፤ ሌሎቹንም ይዞ ይወድቃል።

ከዚያ ሰው አፈናጥጣችሁ ጠንከር ያለ ዳገት ላይ ውጡ። 1,000 ዋት ሞተር 10 በመቶ ዳገት ላይ 180 ኪሎ ይዞ በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፍም። ሰው ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ዳገታም ሰፈር ላላችሁ ከ2,000 ዋት በታች አልመክርም። ላይ ስትደርሱ እጃችሁን ሞተሩ ወዳለበት ወደ ኋላ ጎማው መሀል አስጠጉት። በጣም ከጋለ ወይም የተቃጠለ ሽታ ካለ ተዉት።

ስትመለሱ ፍሬኑን ቁልቁለቱ ላይ ፈትሹ። ከእንጦጦ ለሚወርድ ሰው ፍሬን ከሞተሩም ይበልጣል።

5. ወረቀቱ

ሊብሬና ታርጋ የማይወጣለት ከሆነ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ተዉት። "ኤሌክትሪክ ስለሆነ ታርጋ አይጠየቅም" የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ አትስሙት። አዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴ ላይ ገደብ የጣለች ከተማ ናት። ብር ከመክፈላችሁ በፊት ትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ በዚያ ሞዴል ስም ጠይቁ። መንጃ ፈቃድና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስም አይቀርም።

6. ሒሳቡን አስሉ

ሰው የሚያወዳድረው የመብራቱን ብርና የቤንዚኑን ብር ነው። መብራቱማ ርካሽ ነው፤ አንዴ ለመሙላት 2 ኪሎ ዋት ሰዓት እንኳን አይፈጅም። የሚበላችሁ ባትሪው ነው።

ሊድ አሲድ ባትሪው እስኪደክም 10,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ስለዚህ የአዲሱን ባትሪ ዋጋ ለ10,000 አካፍሉ። ለምሳሌ ስድስቱን ለመቀየር 40,000 ብር ከተባላችሁ፣ መብራቱ ሳይቆጠር በኪሎ ሜትር 4 ብር ማለት ነው። ከዚያ የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ለ40 አካፍሉ፤ ትንሽ የቤንዚን ሞተር ሳይክል በሊትር የሚሄደው ያን ያህል ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ጻፏቸው። ሊቲየሙ መግዣው ቢወደድም በኪሎ ሜትር ሲሰላ ብዙ ጊዜ የሚረክሰው እሱ ነው።

የኔ ፍርድ ይህ ነው። ረጅሙ ቀናችሁ ከነዳገቱ ከ25 ኪሎ ሜትር ካልበለጠና ምድር ላይ ሶኬት ካላችሁ፣ ርካሹን ሊድ አሲድ ግዙ፤ ይጠቅማችኋል። ዴሊቨሪ ለመሥራት ከሆነ ግን አትግዙት። ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ሰው እኩለ ቀን ላይ ባትሪ ሲያልቅበት ለ7 ሰዓታት ያህል ቻርጅ እየጠበቀ እንጀራውን ያጣል። ትንሽ ቆይታችሁ፣ ዕቁብም ገብታችሁ ቢሆን፣ ሊቲየሙን ያዙ።

7. ከገዛችሁ በኋላ

ሊድ አሲዱን ትንሽም ብትነዱት ማታ ሙሉት። ባዶውን እያደረ ከሄደ ውስጡ ያሉት የእርሳስ ሳህኖች ላይ ጠንካራ ነገር ይጋገርባቸዋል፤ ያ ጉዳት በአብዛኛው አይመለስም። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ከሆናችሁ መብራት ባለበት ሰዓት ሁሉ ሙሉ። ከመንገድ እንደገባችሁ ግን ወዲያው አትሰኩት፤ ግማሽ ሰዓት ይብረድ። ቻርጀሩ ከተበላሸ ቮልቱ ከባትሪው ጋር የሚገጥም ሌላ ግዙ፤ የ60 ቮልት ቻርጀር 72 ቮልት ባትሪ አይሞላም። ክረምት ላይ ጎርፍ የያዘ መንገድ ካጋጠማችሁ ውሃው ከኋላ ጎማው መሀል ከፍ ካለ አትግቡበት፤ ሞተሩ ያለው እዚያው ነው።