ስፒከሩን ከመሸጣችሁ በፊት አጨብጭቡ

ከጭቃ ቤት ወጥቼ አራት ኪሎ አካባቢ ኮንዶሚኒየም የገባሁ ሰሞን ስፒከሬ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ክራሩ ቆርቆሮ ሆነብኝ። ለካ ጥፋቱ የቤቱ ነው። የድሮው ቤት ኮርኒስ አቡጀዲ ነበር፤ አዲሱ ሲሚንቶ፣ ሴራሚክና መስታወት።

ስታጨበጭቡ «ትርርር» ይላል

ሁለት ባዶ ግድግዳዎች ፊት ለፊት ተፋጠው ድምፁን ይቀባበሉታል። አንደኛውን ማልበስ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ወፍራም መጋረጃ ወይም መጽሐፍ የሞላ መደርደሪያ ይሆናል።

ድምፁ ይጮሃል፣ ግጥሙ አይለይም

ድምፁ ከስፒከሩ በቀጥታ ይመጣል፤ ከጎን ግድግዳ የነጠረው ደግሞ ለጥቂት ዘግይቶ ይደርብበታል። የሚነጥርበትን ቦታ ለማግኘት አንድ ሰው መስታወት ግድግዳው ላይ እያንሸራተተ ይሂድላችሁ። ከመቀመጫችሁ ስፒከሩ መስታወቱ ውስጥ ሲታያችሁ ምልክት አድርጉ። ድምፅ የሚውጠው ሰሌዳ የሚሰቀለው እዚያ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ካለው ጣውላ 60 በ120 የሆነ ፍሬም አስመቱ። ውስጡን በአሮጌ ፍራሽ ጥጥ ወይም በሳልቫጅ ብርድ ልብስ ሙሉት። ጥጡን በእጅ ፈልቅቁት እንጂ አትጠቅጥቁት። መጀመሪያ ግን ፀሐይ ላይ አስጡት፤ ትኋን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ሙዚቃ ማዳመጥ አይቻልም! ፊቱን አቡጀዲ ወጥሩበት። ሌላ ጨርቅ ካማራችሁ አፋችሁን አስጠግታችሁ ንፉበት፤ አየር ካላሳለፈ ተዉት። ከግድግዳው 5 ሴንቲ ሜትር አርቃችሁ ስቀሉት፣ ወፈር ያለውን ድምፅም ይይዝላችኋል። ጥጥም ስፖንጅም በቀላሉ ስለሚቀጣጠሉ ቡና ከሚፈላበት ጥግ ይራቁ።

የእንቁላል ካርቶንስ? እኔም ለጥፌ አይቻለሁ። ቀጭን ስለሆነ ቤዙን አይነካውም፤ ያተረፍኩት አቧራ ነው።

ቤዙ ሶፋው ላይ ያጓራል፣ መሃል ቤት ይጠፋል

4 ሜትር ርዝመት ያለው ክፍል 43 ኸርዝ (በሰከንድ 43 ንዝረት) ገደማ ላይ ያስተጋባል። ያ ድምፅ ግድግዳው ዘንድ ያብጣል፣ ክፍሉ እኩሌታ ላይ ይከሳል። እኛ ደግሞ ሶፋ ግድግዳ ላይ ካልለጠፍን ቤት ቤት አይመስለንም። ሶፋውን ከኋላ ግድግዳ የክፍሉን ሲሶ ያህል አምጡት፤ ወጪ የለውም። ጥግ ላይ የቆመ ጥቅል ፍራሽ ከ100 ኸርዝ በላይ ላለው ይረዳል። ለ43ቱ ግን ብዙ አትጠብቁ፤ የአንዱ ሞገድ ርዝመት 8 ሜትር ነው።

አንድ ኖታ ላይ ብቻ የሚንጫጫ ነገር አለ

ስልካችሁ ላይ ድምፅ የሚያወጣ አፕ ጫኑ፣ ከስፒከሩ ጋር አገናኙትና ከ40 እስከ 200 ኸርዝ ቀስ እያላችሁ ውጡ። ሲንጫጫ አቁማችሁ በእጃችሁ እየነካችሁ ፈልጉ። የእኔ ቡፌው ውስጥ የተደረደሩት ሲኒዎች ነበሩ። ጨርቅ አነጠፍኩላቸው፣ አለቀ።

ጎረቤት ግድግዳ ይደበድባል

እዚህ ላይ ሰሌዳው አያድናችሁም። በክፍሉ ውስጥ ያለውን ማስተጋባት ይቀንሳል እንጂ ድምፅ ወደ ጎረቤት እንዳያልፍ አያግድም። የጎኗ እትዬ አንድ ማታ በር ላይ መጥተው «ልጄ፣ ሰርግ አለ እንዴ?» አሉኝ። ስፒከሩን ከጋራችን ግድግዳ አንስቼ በመንገዱ በኩል አዞርኩት፣ ከሦስት ሰዓት በኋላም ቤዙን እቀንሳለሁ።